አንድ የክረምት ወር፣ ሦስት የእጅ ሥራ፦ ስፌት፣ ዳንቴልና ሹራብ ከየት ይጀመራል?

ሐምሌ በገባ ቁጥር እዚህ ጎንደር አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። ቡና ላይ ጎረቤት ትጠይቀኛለች፤ ከአዘዞ ዘመድ ይደውላል፤ ከማራኪ ሰፈር የክር ፎቶ ይላክልኛል። «ክሩን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ከሹራቡ ልጀምር፣ ከዳንቴሉ ወይስ ከስፌቱ?» ለእያንዳንዱ ሰው በቃል ከምመልስ አንዴ ዘርዝሬ ብጽፈው ይሻላል።

መጀመሪያ ስፌት፣ ቀጥሎ ዳንቴል፣ ከዚያ ሹራብ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ስፌት ይቅደም ያልኩት ዳንቴልም ሆነ ሹራብ የሚያልቀው በመርፌ ስለሆነ ነው። የክሩ ጫፍ የሚደበቀው፣ ሁለቱ ጎን የሚጋጠመው በእጅ መርፌ ነው። ዳንቴል ከሹራብ የሚቀድመው ደግሞ ኪሮሹ (ጫፉ ቆልመም ያለው የዳንቴል መሥሪያ መርፌ) ላይ በአንድ ጊዜ የምትይዙት አንድ ቀለበት ብቻ ስለሆነ ነው። ቢያመልጣችሁ ትንሽ ተርትራችሁ ትቀጥላላችሁ። ሹራብ ላይ ግን ሠላሳም ስልሳም ቀለበት መርፌው ላይ ተደርድሮ ይቆያል። አንዱ ካመለጠ እስከ ታች ይተረተራል። ያን ያመለጠ ቀለበት የምታነሡትም በኪሮሽ ነው። ስለዚህ ኪሮሽ የለመደ እጅ ሹራብ ሲጀምር አይደነግጥም።

ቀኑን አስቀድማችሁ አስሉ

ሐምሌ 30 ቀን ነው ብላችሁ 30 ቀን አትቁጠሩ። እሑዶቹ አሉ። ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል አሉ። በዓል ለሚያከብር ቤት ለሥራ የሚቀረው ከ20 ትንሽ የሚበልጥ ቀን ነው። በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ብትመድቡ ከታች ያለው ሁሉ ይደርሳል።

ሁለተኛው ስሌት የማድረቂያ ጊዜ ነው። በጎንደር ክረምት የታጠበ ወፍራም ነገር በአንድ ቀን አይደርቅም። ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን በሰኔ መጨረሻ ግዙና እጠቡ። ሥራ በምትጀምሩበት ቀን እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ እንዳትቀመጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- አቡጀዴ፣ 1 ሜትር ከ80፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ
- ነጭ የስፌት ክር፣ 2 ጥቅል
- የእጅ መርፌ፣ ቀጭንና መካከለኛ፤ በተጨማሪ ዓይኑ ሰፊ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ 1 መርፌ
- ስፒል፣ ሜትር፣ መቀስ
- ጠመኔ፤ ከሌለ ያለቀና የደረቀ የሳሙና ቁራጭ
- ኪሮሽ፣ 4 ሚሊ ሜትር
- የሹራብ መሥሪያ መርፌ፣ 5 ሚሊ ሜትር፣ 1 ጥንድ
- መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር፦ ለዳንቴሉ 100 ግራም፣ ለአንገት ልብሱ 150 ግራም፣ ለሕፃን ቆቡ 100 ግራም
- 24 ጨሌ፣ ቀዳዳው የሹራቡን ክር የሚያሳልፍ
- ደብተርና እርሳስ

ጨርቁንም ክሩንም በቅዳሜ ገበያ ወይም በአራዳ በኩል ካሉት ሱቆች ፈልጉ። ለልምምድ የሚሆን እራፊ ግን መግዛት አያስፈልግም። በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎችን ጠይቋቸው። ቁርጥራጩ ለእነሱ ትርፍ ነው፤ ለእናንተ ደግሞ የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ቤት ነው።

ክር ስትገዙ ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ላይ ቀለበቱ አይታይም፤ በዝናብ ቀን ብርሃን ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ሁለተኛ፣ ለአንድ ሥራ የሚበቃችሁን በአንዴ ግዙ። ክሩ ላይ የታሰረችው ወረቀት የቀለም ቁጥር ካላት ቁጥሩ በሁሉም ጥቅል ላይ አንድ መሆኑን እዩ። በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላል። ተሠርቶ ሲያልቅ ግን መሐል ላይ መስመር ይወጣበታል። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ከጠፋ ክሩ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ጣት የምታህል ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዛችሁ በብረት ሳህን ላይ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። የበግ ፀጉር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ እሳቱንም ቶሎ ይለቃል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አክሪሊክ ትኩስ ካውያ ከነካው ያበቃለታል።

ሳምንት 1፦ ስፌት (አንድ የትራስ ልብስ)

የስፌት መኪና አያስፈልግም። ለዚህ ሥራ እንዲያውም እጅ ይሻላል፤ መብራት ቢሄድም አይቆምም። መጀመሪያ እራፊ ላይ አራት ስፌት ተለማመዱ። ውስወሳ ረጃጅም፣ ላላ ያለና ኋላ የሚፈታ ነው፤ ሁለት ጨርቅ እንዳይንሸራተት ለጊዜው ይይዛል። የኋላ ስፌት መርፌው ወደፊት ወጥቶ ወደኋላ ተመልሶ ያለፈው ስፌት ጫፍ ላይ የሚገባበት ነው፤ ጠንካራው እሱ ነው። ቅምቅማት የታጠፈ ጠርዝ ይይዛል። ዝምዝማት የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተለተል ጠርዙን እየዞረ ይሰፋል።

ልኩ 50 በ70 ሳ.ሜ. ለሆነ ትራስ ነው። የእናንተን ትራስ ለኩና ቁጥሩን አስተካክሉ።

1. ጨርቁን እጠቡ። ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ገና እርጥበት እያለው ተኩሱት። አቡጀዴ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ የትራስ ልብሱ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ትራሱን አያስገባም። 1 ሜትር ከ80 ግዙ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

2. ጠርዙን አቅኑ። ሱቅ ውስጥ የተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ ያለ ነው ብላችሁ አትመኑ። ከጠርዙ አጠገብ አንዲት ክር ያዙና ቀስ እያላችሁ ጎትታችሁ አውጡ። ጨርቁ ላይ ቀጭን መስመር ይታያል፤ በዚያ ላይ ቁረጡ። ጠማማ ተቆርጦ የተሰፋ ጨርቅ ሲታጠብ ይጣመማል፤ ካውያም አያስተካክለውም።

3. ለኩና ቁረጡ። ወርዱ 53፣ ርዝመቱ 164 ሳ.ሜ.። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ወርዱ 50 ሲደመር ለሁለቱ ጎን ስፌት 1.5፣ 1.5። ርዝመቱ 70 ለፊት፣ 70 ለጀርባ፣ 20 ለኪስ መሸፈኛ፣ ለሁለቱ ጫፍ ቅምቅማት 2፣ 2። ልኩን ደብተር ላይ ጻፉ። ከመቁረጣችሁ በፊት ደግማችሁ ለኩ።

4. ሁለቱን አጭር ጫፍ ቀምቅሙ። 1 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ እጠፉ፣ እንደገና 1 ሳ.ሜ. እጠፉ፣ በስፒል ያዙ። መርፌው ከፊት በኩል አንድ ወይም ሁለት ክር ብቻ ይንካ። ያኔ ስፌቱ ከውጭ አይታይም። ሁለቴ የሚታጠፈው የተቆረጠው ጠርዝ ውስጥ ተደብቆ እንዳይተለተል ነው።

5. አጣጥፉ። የጨርቁን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉት። ከአንዱ ጫፍ 70 ሳ.ሜ. ያህሉን ወደ መሐል እጠፉት፤ ፊትና ፊቱ ይገናኝ። በሌላው በኩል 20 ሳ.ሜ. ይተርፋል። እሱን በላዩ ላይ መልሱት። አሁን ልኩ 70 ሆኗል። ይህች ተራራፊ 20 ሳ.ሜ. ስትገለበጥ ወደ ውስጥ ትገባና ትራሱን ትይዛለች። ቁልፍም ዚፕም አያስፈልግም።

6. ሁለቱን ጎን ስፉ። መጀመሪያ ወስውሱ። ከዚያ ከጠርዙ 1.5 ሳ.ሜ. ገባ ብላችሁ በኋላ ስፌት ስፉ። ጨርቁ ሦስት ድርብ በሆነበት ቦታና በሁለቱ ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ደጋግሙ፤ ትራስ ሲገባና ሲወጣ የሚቀደደው እዚያ ነው።

7. ጠርዙን ዘምዝሙ፣ ውስወሳውን ፍቱ፣ ገልብጡ። ማዕዘኑን በመቀስ ጫፍ አትግፉት፤ ይበሳል። በእርሳሱ ድፍን ጫፍ ግፉት።

ክራችሁ ከአንድ ክንድ ተኩል አይብለጥ። «ቶሎ ቶሎ እንዳልቀጥል» ብሎ ረጅም ክር የሚያስገባ ሰው ጊዜውን ቋጠሮ በመፍታት ይጨርሰዋል። ረጅም ክር ጨርቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስም እየላላና እየሳሳ ይሄዳል።

መቀሱን ደግሞ ለጨርቅ ብቻ አድርጉት። ወረቀት የቆረጠ መቀስ ስለቱ ይደንዛል። የደነዘ መቀስ ጨርቁን ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ልጆች ካሉ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት።

ካጠባችሁት ጨርቅ ለሁለተኛ ትራስ የሚሆን ይተርፋል። ከዚያም ጎን ቢያንስ 36 ሳ.ሜ. ስፋት ያላት ረጅም ቁራጭ ትቀራለች። አትጣሏት፤ በሳምንት 4 እንፈልጋታለን።

ሳምንት 2፦ ዳንቴል (የብርጭቆ ማስቀመጫና የጆግ ክዳን)

ሰው ዳንቴል ሲል የሶፋውን፣ የቴሌቪዥኑን፣ ቀጭኑን ክር ያስባል። በእሱ አትጀምሩ። በወፍራም ክርና በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ጀምሩ። እጁ አንድ ዓይነት ነው፤ ዓይን ግን አይደክምም። ቀጭኑ በሌላ ወር ይደርሳል።

ሦስት ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል፦

- ሰንሰለት፦ ክሩን ኪሮሹ ላይ ጣሉ፣ ባለው ቀለበት ውስጥ ጎትቱ።
- አጭር ዓምድ፦ ኪሮሹን ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፣ ክር ጎትታችሁ አውጡ። ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። ክር ጥላችሁ በሁለቱም ውስጥ ጎትቱ።
- ረጅም ዓምድ፦ መጀመሪያ ክር ኪሮሹ ላይ ጣሉ፣ ከዚያ አስገቡ፣ ክር አውጡ። ሦስት ቀለበት አለ። ክር ጥላችሁ በሁለቱ ጎትቱ፤ እንደገና ክር ጥላችሁ በቀሩት ሁለት ጎትቱ።

1. አንድ ቀን ሙሉ ሰንሰለት ብቻ ሥሩ። ዓላማው ቀለበቶቹ እኩል እንዲሆኑ ነው። ክሩ በግራ እጃችሁ ጠቋሚ ጣት ላይ ዞሮ ይለፍ። ጣቱ ክሩን ሲቆጣጠር ጥብቀቱ እኩል ይሆናል። ክሩን በጡጫ ከያዛችሁት አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል።

2. አራት ማዕዘን ሥሩ። 16 ሰንሰለት፤ ከኪሮሹ ሁለተኛው ላይ ጀምራችሁ 15 አጭር ዓምድ። 1 ሰንሰለት ሥሩ፣ ገልብጡ፣ እንደገና 15። አሥር ረድፍ ድረስ ቀጥሉ። በእያንዳንዱ ረድፍ መጨረሻ ቁጠሩ። አራት ማዕዘኑ እየጠበበ ሦስት ማዕዘን ከሆነ የመጨረሻውን ዓምድ እየዘለላችሁ ነው ማለት ነው። ሁሉም ጀማሪ የሚዘልለው እሱን ነው፤ ጠርዝ ላይ ተጠግቶ ስለሚደበቅ።

3. ክቡን ጀምሩ። 4 ሰንሰለት ሠርታችሁ ኪሮሹን የመጀመሪያው ላይ አስገቡና ክሩን በሁሉም ውስጥ ጎትታችሁ ቀለበት አድርጉት። 3 ሰንሰለት ወደ ላይ ሥሩ፤ እንደ አንድ ረጅም ዓምድ ይቆጠራል። ቀለበቱ ውስጥ 11 ረጅም ዓምድ ጨምሩ። በድምሩ 12። ከሦስተኛው ሰንሰለት ጋር አገናኙ።

4. ሁለተኛ ዙር፦ 24። በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ ሁለት ሁለት።

5. ሦስተኛ ዙር፦ 36። አንዱ ላይ ሁለት፣ ቀጣዩ ላይ አንድ፣ እንዲያ እያላችሁ ዙሩ። ወደ 10 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የብርጭቆ ማስቀመጫ ወጣላችሁ። ስድስት ሥሩ፤ ስድስተኛው ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚያምር ታያላችሁ።

6. ለጆግ ክዳን አራተኛ ዙር ጨምሩ፦ 48። አንዱ ላይ ሁለት፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ላይ አንድ አንድ።

7. የጨሌው ዙር። ክሩን ቁረጡና አዲስ ክር ላይ 24ቱን ጨሌ አስቀድማችሁ ሰኩ። አስቀድማችሁ ያልኩት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ጨሌ የሚገባበት በር ስለሌለ ነው። ጠርዙ ላይ አንድ አጭር ዓምድ፣ 2 ሰንሰለት፣ ጨሌውን አስጠጉ፣ 2 ሰንሰለት፣ አንድ ዓምድ ዝለሉ፣ ቀጣዩ ላይ አጭር ዓምድ። ጨሌው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ክዳኑን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ነፋስ አያነሣውም፣ ዝንብም አይገባም።

የዙሩ ሕግ ይህ ነው፦ በረጅም ዓምድ ስትሠሩ በየዙሩ 12 ይጨመራል፤ በአጭር ዓምድ ከሆነ 6። ከዚህ ካነሰ ክቡ ጎድጎድ ብሎ ሰሃን ይሆናል። ከበዛ ጠርዙ ይጨማደዳል። ጠፍጣፋ ካልሆነላችሁ ካውያ አትፈልጉ፤ ቁጥሩን ፈትሹ።

ጨርሳችሁ ሲያልቅ የክሩን ጫፍ በደነዙ መርፌ በሥራው ጀርባ ወዲያና ወዲህ አስገብታችሁ ደብቁ። አጭር ቆርጦ ቋጥሮ መተው አይበቃም፤ ቋጠሮ በሁለተኛው እጥበት ይፈታል። ከጥጥ ክር የተሠራ ዳንቴል እንዲቆምላችሁ ከፈለጋችሁ አሚዶ ተጠቀሙ። የስኳር ውኃም ያጠነክራል፤ ግን ጉንዳን ይጠራል።

ሳምንት 3፦ ሹራብ (የልጅ የአንገት ልብስ)

ለልጅ አልኩ፤ 15 በ100 ሳ.ሜ.። ለአዋቂ 20 በ150 ትክክለኛ ልክ ነው፤ ሥራው ግን እጥፍ ነው። የመጀመሪያ ሥራ የሚያልቅ መሆን አለበት። ያላለቀ የአንገት ልብስ በየቤቱ መሶብ ውስጥ ተቀምጦ አይቻለሁ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በጣም ሰፊ ተደርጎ የተጀመረ ነው።

1. ቀለበት ጣሉ። በተንሸራታች ቋጠሮ አንድ ቀለበት ግራ መርፌ ላይ አድርጉ። ቀኝ መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። ክሩን በቀኝ መርፌው ላይ ዞር አድርጉ፣ በቀለበቱ ውስጥ ጎትታችሁ አውጡ። ያወጣችሁትን አዲስ ቀለበት ግራ መርፌ ላይ አኑሩ። ሁለት ሆነ። እንዲህ እያላችሁ 20 አድርሱ።

2. ናሙና ሥሩ። ረድፍ መሥራት ማለት ያንኑ ማድረግ ነው፦ አስገቡ፣ ክር አዙሩ፣ ጎትቱ። ልዩነቱ አዲሱ ቀለበት ቀኝ መርፌ ላይ ይቀራል፣ አሮጌው ከግራ ይለቀቃል። ረድፉ ሲያልቅ መርፌዎቹን እጅ ቀይሩ። 30 ረድፍ ያህል ሥሩ።

3. ለኩ። ናሙናውን ሳትወጥሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። መሐሉ ላይ 10 ሳ.ሜ. ለክታችሁ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሩ። 17 ከሆነ ለ15 ሳ.ሜ. 17 ሲባዛ በ1.5፣ ማለትም 25.5፤ 26 ይሁን። የእናንተ ቁጥር 15 ወይም 20 ሊሆን ይችላል፤ እጅ ከእጅ ይለያያል። ይህን ደረጃ ዘልሎ «ስንት ልጣል?» ብሎ የሚደውልልኝ ብዙ ነው። እኔ ልመልሰው አልችልም። መልሱ ያለው በራሳችሁ እጅ ጥብቀት ውስጥ ነው።

4. ናሙናውን ተርትራችሁ በትክክለኛው ቁጥር ጀምሩ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ።

5. በየረድፉ ቁጠሩ። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ረድፎች። 26 የነበረው 27 ከሆነ እዚያው አቁሙ።

6. አዲስ ጥቅል ጠርዝ ላይ አስጀምሩ። ክር ሊያልቅ ሲል ረድፉ መሐል ላይ አትቋጥሩ። ጠርዝ ላይ ደርሳችሁ 15 ሳ.ሜ. ጫፍ አስቀርታችሁ በአዲሱ ቀጥሉ። መሐል ላይ የተቋጠረ ክር ከፊት እብጠት ሆኖ ይታያል፤ የጠርዙ ግን በመርፌ ይደበቃል።

7. ዝጉ። ለመዝጊያ የአንገት ልብሱን ወርድ አራት እጥፍ የሚሆን ክር ይትረፋችሁ። ሁለት ቀለበት ሥሩ፤ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ላይ አሳልፋችሁ ጣሉት። አንድ ጨምራችሁ ሥሩ፣ እንደገና አሳልፉ። ላላ አድርጉ። ጠብቆ የተዘጋ ጫፍ ከሌላው ጠቦ ይቀራል።

ቀለበት ካመለጠ አትጎትቱ፤ አትደንግጡም። መርፌዎቹን አስቀምጡ። ኪሮሹን ያመለጠው ቀለበት ውስጥ አስገቡ። ከበላዩ ያለውን መሰላል የሚመስል አግድም ክር ያዙና ጎትቱ። እስከ ላይ ድረስ እንዲያ እያላችሁ ወደ መርፌው መልሱት። ሁሉም ረድፍ በአንድ ዓይነት ስለተሠራ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጀርባ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ጎረቤት ቀለበቶቹን እያያችሁ አመሳስሉት።

የአንገት ልብሱ እየሰፋ ከሄደ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ ረድፍ ስትጀምሩ ክሩ በመርፌው ላይ ተገልብጦ የመጀመሪያውን ቀለበት ሁለት አስመስሎታል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ክሩ ከመርፌው በታች መሆኑን እዩ። ወይ ደግሞ መሐል ላይ ሳታውቁ ክሩን ዞር አድርጋችኋል፤ ያኔ ቀዳዳ ይታያል።

ሳምንት 4፦ የሕፃን ቆብና የተረፈው

ቆቡ ለስድስት ወር ገደማ ሕፃን ነው። ከተቻለ የሕፃኑን ራስ ለኩ። 42 ሳ.ሜ. ከሆነ ቆቡን 38 አድርጉት። ሹራብ ይለጠጣል፤ በራሱ ልክ ከተሠራ ዓይን ላይ ይወርዳል።

1. በ10 ሳ.ሜ. 17 ቀለበት ከነበራችሁ 64 ቀለበት ጣሉ። ቁጥሩ ለአራት የሚካፈል ይሁን፤ ኋላ ሁለቴ በግማሽ ይቀነሳል።
2. እንደ አንገት ልብሱ 18 ሳ.ሜ. ቀጥ ብላችሁ ሥሩ። ከዚህ 4 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ይታጠፋል። ሕፃን ቶሎ ያድጋልና እጥፉን ትፈቱለታላችሁ።
3. ረድፉን ሙሉ ሁለት ሁለቱን ቀለበት በአንድ ላይ ሥሩ። 32 ቀረ። አንድ ረድፍ ዝም ብላችሁ ሥሩ። እንደገና ሁለት ሁለቱን። 16 ቀረ።
4. ክሩን 40 ሳ.ሜ. አስተርፋችሁ ቁረጡ። በደነዙ መርፌ በ16ቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡትና ሁለቴ አጥብቁ።
5. በዚያው ክር ጎኑን ከላይ እስከ ታች ስፉ። የሚታጠፈው 4 ሳ.ሜ. ላይ ስትደርሱ ስፌቱን ወደ ሌላው ፊት አዙሩት፤ ሲታጠፍ እንዳይታይ።

ቆቡ ላይ ጨሌ፣ ቁልፍ ወይም አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ አታድርጉ። ሕፃን ያገኘውን አፉ ውስጥ ይከታል፤ ገመድም ሊያንቅ ይችላል። ቤት ውስጥ ሲተኛ ቆቡን አውልቁለት።

ከትራሱ የቀረችው ረጅም ቁራጭ የገበያ ቦርሳ ትሆናለች። 36 በ88 ሳ.ሜ. ቁረጡ፤ ሁለቱን ጫፍ 4፣ 4 ሳ.ሜ. አጥፋችሁ ቀምቅሙ፤ ፊትና ፊቱን አጋጥማችሁ ሁለቱን ጎን በኋላ ስፌት ስፉ። ለማንጠልጠያ 10 በ70 የሆኑ ሁለት ቁራጮች አራት ድርብ አጥፋችሁ ስፉ። ቦርሳው ላይ ስትሰፏቸው አንድ መስመር አይበቃም። ካሬ ሠርታችሁ መሐሉን በመስቀል ስፉት፤ የድንችና የሽንኩርት ክብደት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ የልጆቹን ዩኒፎርም አውጡ። ለመስከረም የሚለበስ ሱሪና ቀሚስ ጠርዙ 5 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ ይቀምቀም። ልጅ ሲረዝም ትፈቱና ታወርዱታላችሁ።

ጥንቃቄ

- ሥራ ስትጨርሱ መርፌና ስፒል ቁጠሩ። በወሰዳችሁት ልክ መመለሱን ሳታዩ ከምንጣፍ አትነሡ።
- አክሪሊክ ክር ከከሰል ምድጃ ራቅ ይበል። ፍንጣሪ ከነካው ይቀልጣል፤ የቀለጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃል።
- በርበሬና እርድ የነካ እጅ ክር አይንካ። ፈካ ባለ ክር ላይ እርድ አይለቅም።
- ቀይ ክር ከነጭ ጋር ከመደባለቃችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ጨመቅ አድርጋችሁ እዩ። ቀለሙ ከለቀቀ ለብቻው ሥሩት።
- በየግማሽ ሰዓቱ እጃችሁን ዘርጉ። አውራ ጣትና አንጓ ሲያም «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትግፉ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ክሩን አጥብቆ ከመያዝ ይመጣል፤ አላሉት።

አጥባችሁ ስታደርቁ

ሹራብና ዳንቴል ገመድ ላይ አይሰጣም። ውኃ የጠጣ ክር ከብዶ ይጎተታል፤ 100 ሳ.ሜ. የነበረው ይረዝማል፣ ይቀጥናል። ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ዘፍዝፉ፣ አትሹ፣ አትጠምዝዙ። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉና ተጫኑት። ፎጣው ውኃውን ይጠጣል። ከዚያ ንጹሕ ሰፌድ ላይ በልኩ አስተካክላችሁ አንጥፉት፤ በሁለት በርጩማ መሐል ሰፌዱን አስቀምጡት። አየር ከሥር ስለሚያልፍ በሐምሌም ቢሆን ሳይሻግት ይደርቃል። በቀን አንዴ ገልብጡት። ለማፋጠን ብላችሁ ምድጃ አጠገብ አታስጠጉ፤ የጭስ ሽታ ይዞ ይቀራል። አክሪሊክ ከሆነ ሲደርቅም ካውያ አታሳርፉበት።